«ሰውነቴ ደረቅ ነው» ሲባል ደረቁ የቱ ነው?

ባለፈው ክረምት ጂም ገባሁ። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ስለምውል ወገቤ አስቸግሮኝ ነበር። «ሰውነትህን ማሳሳብ አለብህ» ተባልኩና ስትሬቺንግ የሚሠራበት ክፍለ ጊዜ ላይ ተመዘገብኩ። ከአሥራ ምናምን ሰው ወንዶቹ አራት ብቻ ነን። የመጀመሪያው ትእዛዝ ሲሰሙት ቀላል ነው። እግር ዘርግቶ ቁጭ ማለት፣ ከዚያ ጉልበት ሳያጥፉ የእግር ጣትን መንካት።

ከጎኔ ያለችው ልጅ የውስጥ እግሯን በሁለት እጇ ጨብጣ ግንባሯን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። የተኛች ነው የምትመስለው። እኔ ቅልጥሜ አጋማሽ ላይ ቀረሁ። ከቋንጃዬ እስከ መቀመጫዬ ድረስ ያለው ሁሉ እንደ ክራር ክር ተወጠረ። አሰልጣኙ ከኋላዬ መጣና ሁለት መዳፉን ጀርባዬ ላይ አድርጎ ወደ ፊት ገፋኝ። «ቻል እንጂ! ወንድ አይደለህ እንዴ?» ያወጣሁት ድምፅ ክፍሉን በሙሉ አሳቀ። እሱም እየሳቀ ለቀቀኝና «የወንድ ሰውነት ደረቅ ነው፣ የሴት ላስቲክ ነው፤ ተፈጥሮ ነው፣ ምን ይደረጋል» ብሎ ወደ ሌላው አለፈ።

ቤት ከገባሁ በኋላ ነው ነገሩ የከነከነኝ። ሰውዬው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁለት የማይገጥሙ ነገሮች ተናግሯል። «ቻል» ካለኝ፣ ጉዳዩ የመቻል ጉዳይ ነው ማለት ነው። «ደረቅ ነው» ካለ ደግሞ ጉዳዩ ሥጋው ነው፤ ብችልም ባልችልም የሚሳበው ያው ነው። ታዲያ የቱ ነው?

ይህን ጥያቄ በቀጥታ ያነሱ ሰዎች አሉ። ፖል ማርሻል እና ጄሰን ሲግለር የተባሉ ተመራማሪዎች አውስትራሊያ ውስጥ ሠርተው በ2014 ያሳተሙት ጥናት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) 45 ወንዶችና 45 ሴቶች ወሰዱ። ጤነኞች ናቸው፣ አማካይ ዕድሜያቸው ወደ 25 ዓመት ይጠጋል። ሰውየው በጀርባው ይተኛል። አንድ እግሩ ጉልበቱ ሳይታጠፍ ቀስ ተደርጎ ወደ ላይ ይነሳል። እሱ ራሱ አያነሳም፣ ይነሳለታል። ምን ያህል ኃይል እንደሚወስድና ስንት ዲግሪ ላይ እንደደረሰ ይለካል። ከዚህ በላይ አልችልም የሚልበት ቦታ ሲደርስ የሕመሙን መጠን 10 ሴንቲሜትር በሆነች መስመር ላይ ያመለክታል። የመስመሯ አንድ ጫፍ «ምንም አያምም» ነው፣ ሌላው ጫፍ ከዚህ የባሰ ሕመም የለም የሚባልበት ነው።

ሴቶቹ በአማካይ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ከወንዶቹ በልጠው ሄዱ። እስከዚህ ድረስ አዲስ ነገር የለም፤ ማንኛውም የስፖርት አስተማሪ ይህን ያውቃል። የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። መጨረሻ ላይ እግሩን ይዞ የነበረው ኃይል በወንዶቹና በሴቶቹ መካከል ልዩነት አልታየበትም። ሕመሙ ግን ተለያየ። ሴቶቹ መስመሯ ላይ ያደረጉት ምልክት ከወንዶቹ በ16 ሚሊሜትር ያነሰ ነበር።

ቆም ብለን እንየው። ወንዶቹ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ቆመዋል፣ የሳባቸው ኃይል ከሴቶቹ አልበለጠም፣ ያመማቸው ግን ይበልጣል። እዚህ ላይ የራሴን አንድ ስሌት ልጨምር። የወንድ የጭን ጡንቻ ባብዛኛው ወፍራም ነው። እኩል ኃይል ወፍራም ገመድና ቀጭን ገመድ ላይ ቢያርፍ ወፍራሙ ገመድ ላይ ያለው ጫና ያንሳል። በዚህ ሒሳብ የወንዶቹ ጡንቻ እንዲያውም ትንሽ ተሳበ ማለት ይቻላል። ጩኸቱ ግን ከእነሱ በኩል ነው።

አሰልጣኛችን ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ማለት አይደለም። እግሩ ገና መነሳት ሲጀምር፣ ከ20 እስከ 50 ዲግሪ ባለው መንገድ ላይ፣ የሴቶቹ ጡንቻ ከወንዶቹ ለስለስ ብሎ ነው የሚሄደው። «ደረቅ» ያለው ነገር ስለዚህ አለ፤ ይለካልም። ችግሩ ይህ ድርቀት ማን ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ አለመናገሩ ነው። ከወንዶቹ መካከል አንዱ ቁርጭምጭሚቱን ሲነካ ሌላው ጉልበቱ ላይ የሚቀረው ለምንድን ነው ተብሎ ሲሰላ፣ የልዩነቱን 44 በመቶ ሁለት ነገሮች አስረዱት። እነሱም የሕመም ምልክቱና መጨረሻ ላይ የነበረው ኃይል ናቸው። ከዚህ ውስጥ ትልቁ ድርሻ የሕመሙ ነው። ቶሎ የሚያመው ቶሎ ይቆማል። የጡንቻው ድርቀት እዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ አላገኘም።

ሴቶቹ ጋ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ምንም አልተገኘም። ድርቀቱም፣ ሕመሙም፣ ኃይሉም አንዷ ከሌላዋ ለምን እንደምትለይ አላስረዱም። ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ።

ባለሙያዎቹ ይህን ነገር ጡንቻ ሲሳብ የመታገስ አቅም ይሉታል። ሐሳቡ ከአውስትራሊያው ጥናት በፊት የመጣ ነው። ዴንማርክ፣ ኮፐንሃገን ውስጥ ፒተር ማግኑሰን እና ባልደረቦቹ በ1996 አንድ ቀላል ነገር ሠሩ። 7 ሰዎች ለሦስት ሳምንት ያህል በየቀኑ የአንድ እግራቸውን የጭን ጀርባ ጡንቻ አሳሳቡ። ሌላው እግር አልተነካም። ከዚያ ጡንቻው በተመሳሳይ ዲግሪ ላይ ሲሳብ የሚሰጠው መከላከል ተለካ። አልተለወጠም። ያው ጡንቻ ነው። ነገር ግን እስኪያማችሁ ድረስ ሂዱ ሲባሉ የሠለጠነው እግር በፊት ይቆምበት ከነበረው ቦታ አልፎ ሄደ፣ የሚሸከመውም ኃይል ጨመረ። ጡንቻው አልረዘመም፤ ባለቤቱ ግን ርቆ መሄድ ችሏል።

እኔ ይህን ሳነብ ትንሽ ተናድጃለሁ። ስንት ዓመት «ጡንቻው ያጥራል፣ በማሳሳብ ይረዝማል» ሲባል ሰምተናል? ላስቲክ ሲጎተት እንደሚላላው፣ ቆዳ እርጥብ ሆኖ ሲወጠር እንደሚሰፋው አድርገን ነው የምናስበው። ከማግኑሰን በኋላ የተሠሩ ብዙ ጥናቶች፣ ከሦስት እስከ ስምንት ሳምንት የሚቆዩት በተለይ፣ ወደዚያው ሐሳብ ነው የሚያደሉት። በዚያ ጊዜ ውስጥ በዋናነት የሚለወጠው ስሜቱ ነው። አእምሮ «በቃ!» የሚልበት ቦታ ወደ ኋላ ይገፋል።

ሥጋው ጭራሽ አይለወጥም ማለት ግን አይደለም። ጀርመን ውስጥ ሰዎች ባታቸውን በመሣሪያ ወጥረው በቀን አንድ ሰዓት፣ ለ6 ሳምንት እንዲቆዩ ተደርጎ ነበር። ጡንቻቸው ወፍሯል፣ ጉልበታቸውም ጨምሯል። በቀን አንድ ሰዓት! ጂም ውስጥ ከምንሠራት ከሁለት ደቂቃዋ ጋር አይነጻጸርም።

ይህን ሁሉ ለማመን ላብራቶሪ አያስፈልግም። ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አንድ እግራችሁን ወደ ፊት ዘርጉና ተረከዙን መሬት ላይ አድርጋችሁ ጣታችሁን ወደ ራሳችሁ ሳቡ። ጀርባችሁን ጎበጥ አድርጉ፣ አገጫችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ። ቋንጃችሁ አካባቢ ውጥረት ይሰማችኋል። አሁን ሌላውን ሁሉ ሳታንቀሳቅሱ ጭንቅላታችሁን ብቻ ቀና አድርጉ። ብዙ ሰው ላይ ውጥረቱ ወዲያው ቀለል ይላል። (የዲስክ ችግር ያለበት ሰው ግን ይህን አይሞክር።)

እንግዲህ አስቡት። የጭን ጀርባ ጡንቻ ከመቀመጫ አጥንት ተነስቶ ከጉልበት በታች ያበቃል። አንገት ጋ የሚያገናኘው ነገር የለም። ጭንቅላት ቀና ሲል ያ ጡንቻ በአንዲት ሚሊሜትር እንኳ አላጠረም። የተቀየረው የነርቩ ውጥረት ነው። ከወገብ ተነስቶ በመቀመጫ አልፎ እስከ እግር ጫፍ የሚወርደው ትልቁ ነርቭ ከላይ ከአከርካሪው ውስጥ ካለው ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ «ጡንቻዬ ተወጠረ» ስንል ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ጡንቻ ብቻ አይደለም። ሌላም አለ፤ አንዱን እግር ብቻ አሳስቦ ወዲያው ሌላውን ሲለኩት እሱም ትንሽ ሻል ብሎ ይገኛል። ያልተነካው እግር! ይህ በተደጋጋሚ ታይቷል። አለቃው ላይኛው ፎቅ ነው ያለው ማለት ነው።

እሺ፣ አለቃው ላይ ነው እንበል። ታዲያ የወንዱ አለቃ ለምን ቶሎ ይደነግጣል?

መጀመሪያ ወደ አፋችን የሚመጣው «ሴት ልጅ ሕመም ትችላለች፤ የምትወልደው እሷ አይደለችም እንዴ?» የሚለው ነው። እናቶቻችን ይሉታል፣ እኛም እንላለን። ከመረጃው ጋር ግን አይሄድም። በሙከራ ክፍል ውስጥ ሰዎች ሲጫኑ፣ በሙቀት ወይም በበረዶ ውኃ ሲፈተኑ፣ በአብዛኛው ቀድመው «አመመኝ» የሚሉት ሴቶች ናቸው። ይህ ለአሥርት ዓመታት ሲመረመር የቆየ ጉዳይ ነው። ስለዚህ በደፈናው «ሴት ሕመም ትችላለች» ማለት አያዋጣም። በደፈናው «ወንድ ይችላል» ማለትም እንደዚያው። ጡንቻ ሲሳብ የሚሰማው ስሜት የራሱ መንገድ ያለው ይመስላል። ጡብ ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የሚወጣ ሰው እግሩን ዘርግቶ ሲጎነበስ ሊጮህ ይችላል። የለመደው ሕመም ሌላ፣ ይህኛው ሌላ።

እኔ ልምድ የሚለው ላይ አደላለሁ። እናቴ ስድሳን ካለፈች ቆይታለች። ግቢ ስትጠርግ አያታለሁ። መጥረጊያዋ አጭር ነው። ጉልበቷን አታጥፍም፤ ከወገቧ ታጥፋ አንድ እጇን ጀርባዋ ላይ አድርጋ ከበር እስከ አጥር ትጠርጋለች። ሲደክማት ቀና ትላለች፣ እንደገና ትታጠፋለች። ያቺ ስትሬቺንግ አይደለችም እንዴ? ለሃምሳ ዓመት በየቀኑ! አባቴ ያንን መጥረጊያ ነክቶት አያውቅም። ጫማውን ሲያስር እንኳ እግሩን ድንጋይ ላይ ያወጣል።

በእርግጥ የአውስትራሊያ ሴቶች በአጭር መጥረጊያ አይጠርጉም። እዚያም ቢሆን ግን ባሌትና ጂምናስቲክ የሚላኩት በብዛት ሴት ልጆች ናቸው፤ ወንዶቹ ኳስ ሜዳ ናቸው። በሰባት ዓመቷ እግሯን ከፍታ መቀመጥ የለመደች ልጅ ያ ስሜት አያስደነግጣትም፤ ታውቀዋለች። ለወንዱ ግን እንግዳ ነው፣ ሰውነትም እንግዳ ስሜትን በአደጋ ነው የሚተረጉመው። ይህ የእኔ ግምት ነው እንጂ የ2014ቱ ጥናት ልምድን አልለካም።

ሌላም ጣጣ አለ። ሕመም የሚለካው በአፍ ነው። ሰውየው ያለውን ነው የምንይዘው። አፍ ደግሞ ሰው ፊት ይለዋወጣል። በ1991 የታተመ የሌቪን እና ዴ ሲሞን ጥናት አለ። ሰዎች እጃቸውን በረዷማ ውኃ ውስጥ እየከተቱ ስንት እንዳመማቸው ይናገራሉ። ወንዶቹ ጠያቂዋ ሴት ስትሆን ያመማቸውን አሳንሰው ተናገሩ። አይገርምም፤ «ወንድ ልጅ እህ አይልም» የኛ አገር ብቻ አባባል አይደለም። ነገር ግን ከዚህ ተነስተን ስናስብ የአውስትራሊያው ውጤት ይበልጥ ክብደት ያገኛል። ወንድነት ውጤቱን አዛብቶት ቢሆን ኖሮ ወንዶቹ ሕመማቸውን ደብቀው ትንሽ ባመለከቱ ነበር። እነሱ ግን ከሴቶቹ በላይ አመለከቱ። ደብቀውም እንኳ ይህን ያህል ከሆነ፣ ያመማቸው ከምር ነው።

ለዚህ ነው «ወንድ አይደለህ እንዴ» የሚለው ንግግር የሚያናድደኝ። ችግሩ ሰውነት ቶሎ መደንገጡ ከሆነ፣ ከኋላ መጥቶ መግፋት ድንጋጤውን ያብሳል። የተገፋ ጡንቻ ይኮማተራል። ሰውየው ትንፋሹን ይይዛል፣ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፣ ፊቱ ይቀላል። በሚቀጥለው ቀን ደግሞ አይመጣም። እኔም ሁለት ሳምንት ቀርቻለሁ።

አሁን ወደ ሴቶቹ ልመለስ። ብዙ ሰው የአውስትራሊያውን ጥናት ሲያወራ የወንዶቹን ክፍል ተናግሮ ያልፋል። እኔን ግን የሴቶቹ ባዶ ውጤት ነው የሚያሳስበኝ። አንዷ ለምን ከሌላዋ እንደምትለይ ከተለካው ውስጥ ምንም አላስረዳም ማለት፣ እነሱ ጋ የሚሠራው ነገር ሌላ ነው ማለት ሊሆን ይችላል። መገጣጠሚያው፣ ጅማቱ፣ የዳሌው አጥንት፣ ልማዱ፣ ወይም የሁሉም ድምር። የወር አበባ ዑደትና ሆርሞን ብዙ ጊዜ ይነሳሉ። ጥናቶቹ ግን እርስ በርስ ስለሚጣሉ እዚያ ላይ አልቆይም።

መገጣጠሚያው ግን ቆም ያሰኛል። መገጣጠሚያቸው ከልክ በላይ የሚታጠፍ ሰዎች አሉ። ክርናቸው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ አውራ ጣታቸው ተጠምዝዞ ክንዳቸውን ይነካል። ይህን ለመለየት ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ባለ 9 ነጥብ መለኪያ አለ። ቤይተን በሚባል ሐኪም ስም ነው የሚጠራው። በ1973 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በጽዋና ሕዝብ ላይ ከተሠራ ጥናት ጋር የተያያዘ ነው። ባሕርይው ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ በብዛት ይታያል። ብዙዎቹ ምንም አይሆኑም። አንዳንዶቹ ግን ዕድሜ ልካቸውን ጉልበታቸውና ትከሻቸው ያስቸግራቸዋል፣ ቁርጭምጭሚታቸው ይወለምባቸዋል። በአንዳንድ ስፖርቶች የጉልበት መስቀለኛ ጅማት መበጠስ ሴቶችን ከወንዶች በእጥፍና ከዚያ በላይ የሚያጠቃ መሆኑም የታወቀ ነው። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመገጣጠሚያ መላላት ከሚጠቀሱት አንዱ ነው።

እንዲህ ዓይነት ልጅ ጂም ስትገባ ምን ትባላለች? «ጎበዝ! ጨምሪ!» ትባላለች። አጠገቤ ያለችውን ልጅ ማስተዋል የጀመርኩት ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው። ስትቆም ጉልበቷ ቀጥ አይልም፤ ወደ ኋላ ይቀለበሳል። እጇን መሬት ላይ አድርጋ ስትደገፍ ክርኗም እንደዚያው ነው። እሷ የምትፈልገው ተጨማሪ መሳሳብ ሳይሆን የሚይዛት ጡንቻ ነው። አሰልጣኙ ግን የክፍሉ ምሳሌ አድርጓታል። «እዩዋት!» ይለናል።

መተጣጠፍ በራሱ ጀብድ ነው የሚለው ሐሳብም መፈተሽ አለበት። በ2002 የታተመ አንድ ጥናት 34 ዓለም አቀፍ ደረጃ ያላቸው ወንድ የረጅም ርቀት ሯጮችን ተቀምጠው የእግር ጣታቸውን እንዲነኩ አደረገ። ከዚያ ሲሮጡ የሚፈጁት ኦክስጅን ተለካ። እምብዛም የማይተጣጠፉት በተመሳሳይ ፍጥነት ያነሰ ኦክስጅን ነበር የሚፈጁት። ጠንከር ያለ ጅማት እንደ ምንጭ ሽቦ ነው፤ በየእርምጃው ጉልበት አጠራቅሞ መልሶ ይሰጣል። የኛ አገር ሯጮች ከሩጫ በኋላ ተሰልፈው «ጂምናስቲክ» የሚሉትን ሲሠሩ ያየ ሰው ያውቀዋል። እግር ማወናጨፍ፣ ጉልበት እያነሱ መዝለል፣ ዳሌ ማዞር ነው የሚበዛው። ሁሉም እንቅስቃሴ ነው፤ እንደኔ ቁጭ ብሎ ፊትን ማጨማደድ የለበትም።

«ካላሳሳብክ ትጎዳለህ» የሚለውም እንደሚወራው አይደለም። በ2000 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት 1,538 ምልምል ወታደሮችን ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ከልምምድ በፊት አሳሳቡ፣ ግማሾቹ አላሳሰቡም። የእግር ጉዳት መጠኑ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳየም። ልብ በሉ፣ ምልምሎቹ ሁሉም ወንዶች ናቸው። ሯጮቹም ወንዶች ነበሩ። የስፖርት ሳይንስ አንዱ በሽታ ይህ ነው። ከ2014 እስከ 2020 በስድስት መጽሔቶች ላይ የወጡ ከ5,000 በላይ ጥናቶች ሲቆጠሩ፣ ከተሳታፊዎቹ ሴቶች 34 በመቶ ብቻ ነበሩ። ወንዶች ላይ ብቻ የተሠሩት 31 በመቶ፣ ሴቶች ላይ ብቻ የተሠሩት 6 በመቶ ናቸው። ሴቶቹ ጋ «ምንም አልተገኘም» ሲባል ምን ያህል ተፈልጎ ነው ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው።

ታዲያ ጣቱን መንካት የሚፈልግ ወንድ ምን ያድርግ? ብዙ የሚያስጨንቅ ነገር የለውም። በ1994 የታተመ ጥናት የጭን ጀርባ ጡንቻን 30 ሴኮንድ መያዝ ከ15 ሴኮንድ እንደሚሻል፣ 60 ሴኮንድ ግን ከ30 እንደማይበልጥ አሳይቷል። በሳምንት 5 ቀን፣ ለ6 ሳምንት ነበር የሠሩት። ሌላው መንገድ ጡንቻውን እንደተሳበ ለጥቂት ሴኮንድ ማጠንከር፣ ከዚያ መልቀቅና ትንሽ ማለፍ ነው። ተረከዝህን ወለሉ ላይ ትጫናለህ፣ ትለቃለህ፣ ትጎነበሳለህ። እዚህም ላይ ማግኑሰን የደረሰበት ያው ነው፤ የሚለወጠው በዋናነት መታገሱ ነው። ክብደት ማንሳት የሚወድ ደግሞ እንቅስቃሴውን እስከ መጨረሻው ድረስ ከሠራው፣ ከማሳሳብ ያልተናነሰ መተጣጠፍ ያገኛል። ይህም በብዙ ጥናቶች ድምር ታይቷል። ሩጫ ወይም ዝላይ ሊጀምር ያለ ሰው ግን አንዱን ጡንቻ ከአንድ ደቂቃ በላይ ወጥሮ ባይዝ ይሻላል፤ ለጊዜው ጉልበቱን ይቀንስበታል።

እኔን የጠቀመኝ አንድ ትንሽ ነገር ናት። ሕመሙን ከአሥር መቁጠር ጀመርኩ። አምስት ላይ እቆማለሁ፣ ትንፋሼን አስወጣለሁ፣ እጠብቃለሁ። ሃያ ሴኮንድ ሳይሞላ አምስቱ ሦስት ይሆናል። ያኔ ትንሽ አልፋለሁ። የሚገፋኝ ሰው የለም። የመጀመሪያውን ሳምንት ሞኝ የሆንኩ ያህል ተሰማኝ፤ ከአረጋውያን ጋር የምሠራ ነው የምመስለው። በስድስተኛው ሳምንት እጄ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ደረሰ። ጡንቻዬ ረዝሞ ይሆን? አይመስለኝም። ያው ጡንቻ ነው፣ ጩኸቱን የቀነሰው።

ባለፈው ሐሙስ ከክፍለ ጊዜው በኋላ ከዚያች ልጅ ጋር ደረጃ ላይ ተገናኘን። ደረጃውን የምትወርደው የእጅ መደገፊያውን ይዛ፣ አንድ አንድ እርከን፣ በጎን በኩል ነው። «ምነው?» አልኳት።

«ጉልበቴ ነው። ዓመት ሊሆነው ነው።»

«ለአሰልጣኙ ነግረሽዋል?»

ሳቀች። «ጣቴን ስለምነካ ማን ይጠይቀኛል?»